በየቀኑ ከስሜን በላይ የሚያልፈው ስም፦ ፕሮፌሰር ቨርነር ሱዎሚ ማን ነበሩ?

እሳት በተነሳ ቁጥር በየገጹ የሚዞር አንድ ካርታ አለ። ቀያይ ነጥቦች የተበተኑበት፣ አንዳንዴም ግራጫ የጭስ ጅራት የሚታይበት የሳተላይት ካርታ ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ትልኩልናላችሁ፤ እውነት ነው ወይስ የተቀነባበረ ነው ብላችሁም ትጠይቁናላችሁ። ከነጥቦቹ አንዱን ነካ ብታደርጉት ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ከዚያም እሳቱን ያየችው ሳተላይት ስም ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከሚመጡት ስሞች አንዱ ሱዎሚ ኤን.ፒ.ፒ ነው።

ሱዎሚ የሰው ስም ነው። በሙያው ዓለም የሳተላይት ሚቲዎሮሎጂ አባት የሚባሉ፣ ካረፉ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው መምህር ናቸው። እኛ አገር ስማቸውን የሚያነሳ ብዙም የለም። ዛሬ ስለ እሳቸው እናወጋችኋለን፤ ለምን እንደሆነ መጀመሪያ እንንገራችሁ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ታስታውሳላችሁ። ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሳ። በግጭ በኩል ያለው ጓሳና አስታ፣ ጭላዳ የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት ደጋ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ነደደ። የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር እየበተነ ከእሳቱ ጋር ታገለ። ቆየት ብሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ።

አገሩን የሚያውቅ ሰው የነገሩ ክብደት ይገባዋል። ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስን፣ ከዚያ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚገባው መንገድ የሚሄደው በደጋው ጀርባ ላይ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የቆመ ሰው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጭስ ቢያይ፣ የሚያየው የጠቆረ ሰማይ ብቻ ነው። ከየትኛው ገደል አፋፍ እንደወጣ፣ እሳቱ አንድ ይሁን ሦስት፣ ወደ ሰው ቤት ያምራ ወይስ ወደ ፓርኩ መሃል፣ ከታች ሆኖ አይለይም። በዚያ ላይ ስሜን ነው፤ ከቆላው የሚነሳው ጉም ከጭስ ጋር ይምታታል። ከላይ የሚያይ ዓይን የግድ ነው። ያውም አንዴ ገልመጥ አድርጎ የሚያልፍ ሳይሆን፣ ቆሞ ደጋግሞ የሚያይ። ያንን ዓይን ለዓለም ያበጁት እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም ካላልን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቨርነር ኤድዋርድ ሱዎሚ ዲሴምበር 6 ቀን 1915 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኤቭለዝ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ከፊንላንድ የመጣ ነው። ሱዎሚ የሚለው ቃል ራሱ በፊንላንዶች ቋንቋ ፊንላንድ ማለት ነው፤ እኛ ጋ አንዱን ሰው በአባቱ ስም ኢትዮጵያ ብሎ እንደመጥራት ማለት ነው። አባታቸው በማዕድኑ አናጢ ነበሩ። ቨርነር ከሰባት ልጆች ስድስተኛው ናቸው።

የሠራተኛ ልጅ ናቸውና ትምህርታቸውም በዚያው ልክ ነበር፤ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ዊኖና የሚባል የመምህራን ኮሌጅ ገቡ። በ1938 ተመርቀው የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስና የሒሳብ መምህር ሆኑ። እንግዲህ ኋላ ጠፈር ላይ መሣሪያ የሰቀሉት ሰው ለዓመታት ጠመኔ ይዘው ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ አስተማሪ ናቸው። እኛ ይሄ ነገር ከሕይወታቸው ሁሉ ይበልጥ ደስ ይለናል። በየወረዳችን ያላችሁ መምህራን ልብ በሉት።

ወደ አየር ጠባይ ያስገባቸው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ለበረራ ትምህርት በተመዘገቡበት ስለ አየር ጠባይም ይማሩ ነበር፤ እሱ ልባቸውን ወሰደው። ከዚያ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እዚያ የሚያስተምሩት ካርል ጉስታፍ ሮስቢ የተባሉ ስዊድናዊ ሊቅ ነበሩ፤ በላይኛው ሰማይ ያለውን ታላቅ የነፋስ ማዕበል ለዓለም ያስረዱት፣ ማዕበሉም በስማቸው የሚጠራላቸው ሰው። ሱዎሚ እየተማሩ፣ ለጦሩ የሚሰለጥኑትንም ወጣቶች እያስተማሩ ቆዩ። በ1948 ማዲሰን ከተማ ወዳለው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ የሚቲዎሮሎጂ ክፍሉን ከመሠረቱት መምህራን አንዱ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ቤታቸው እዚያው ሆነ።

አሁን ወደ በቆሎው እንምጣ። አዎ፣ በቆሎ።

ሱዎሚ ለዶክትሬት የመረጡት ጉዳይ የአንድ የበቆሎ ማሳ የሙቀት ሒሳብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማሳው ላይ ምን ያህል ሙቀት ይገባል? ከዚያ ውስጥ አፈሩ የሚወስደው፣ ውሃውን የሚያተንነው፣ አየሩን የሚያሞቀው፣ ተመልሶ ወደ ሰማይ የሚሄደው ስንት ስንት ነው? ገቢና ወጪ፣ እንደ ሱቅ ደብተር። ይህን በትክክል ለመለካት መሣሪያውን ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው፤ እጃቸው ሥራ ያውቃል። ዲግሪውን በ1953 አገኙ።

ማሳውን ከጨረሱ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ለአንድ ማሳ ከተቻለ ለመላው ምድር ለምን አይቻልም? ምድርም ብታዩት አንድ ትልቅ ማሳ ነች፤ ከፀሐይ ይገባላታል፣ ወደ ጠፈር ይወጣባታል። ልዩነቱ ለማሳው ዳር ላይ ቆሞ መለካት ይቻላል፤ ለምድር ግን ከምድር ውጭ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ምድርን የምትዞር ሳተላይት ገና አልነበረችም።

በ1957 የሩሲያዋ ስፑትኒክ ስትወጣ በሩ ተከፈተ። ሱዎሚ ከባልደረባቸው ከኢንጂነር ሮበርት ፓረንት ጋር ሆነው አነስተኛ መለኪያ ሠሩ። በመስታወት ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ግማሽ ኳሶች፣ ጥቁርና ነጭ የተቀቡ። ጥቁሩና ነጩ ሙቀትን የሚቀበሉበት መጠን ስለሚለያይ፣ ሁለቱን በማስተያየት ከፀሐይ የሚመጣውን ከምድር ከሚወጣው ይለዩታል። ጥቁር ጋቢና ነጭ ጋቢ ፀሐይ ላይ ብትሰጡ የቱ ቀድሞ እንደሚግል ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ሮኬቱ ግን አስቸገረ። በጁን 1959 መሣሪያቸውን የያዘችው ቫንጋርድ ሳትሳካ ቀረች። በጁላይ ሌላ ሮኬት ላይ ተጫነ፤ እሱም ከመሬት ተነስቶ ሰከንዶች ሳይሞላው አቅጣጫውን ስቶ ተቃጠለ። የዓመታት ድካም በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አመድ ሆነ። ኦክቶበር 13 ቀን 1959 በሦስተኛው ኤክስፕሎረር 7 ወጣች፤ መሣሪያውም ሠራ። ሰው ከጠፈር ሆኖ የምድርን ሙቀት በተሳካ ሁኔታ የለካው ያኔ ነው። ደመና የምድርን ሙቀት ገቢና ወጪ ምን ያህል እንደሚለውጥም ከዚያ ታየ።

አሁን ወደ ጭሱ እየተጠጋን ነው።

የመጀመሪያዎቹ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ዝቅ ብለው የሚበሩ ነበሩ። ምድርን እየዞሩ ያነሳሉ፣ ያልፋሉ። አንድን ቦታ አንዴ ካዩ በኋላ ተመልሰው ለማየት ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። ማዕበል፣ ደመና፣ ጭስ የሚባለው ነገር ደግሞ ሰዓታት ቆሞ አይጠብቅም። ጠዋት እዚህ፣ ማታ እዚያ የታየ ደመና ያው ደመና ይሁን ሌላ በምን ይታወቃል?

መላው ቀላል ይመስላል። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትበር ሳተላይት ምድርን የምትዞርበት ፍጥነት ምድር ራሷ ከምትሽከረከርበት ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ከታች ላለ ሰው አንድ ቦታ የቆመች ትመስላለች። እዚያ ላይ ካሜራ መስቀል ነው፤ በቃ። ግን ያ ጊዜ እንዲህ ዓይነቷን ሳተላይት ሚዛኗን የሚያስጠብቃት መሽከርከሯ ነበር። እንዝርትን አስቡ፦ ሲሽከረከር ይቆማል፣ መሽከርከሩን ሲያቆም ይወድቃል። ሳተላይቷ በደቂቃ መቶ ጊዜ ገደማ ትዞራለች። በእንዝርት ላይ ካሜራ አስራችሁ ጥሩ ፎቶ አንሱ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ብዙ መሐንዲስ መሽከርከሩን እንደ ጣጣ ነበር የሚያየው።

ሱዎሚና ፓረንት ነገሩን ገለበጡት። መሽከርከሩን ከመታገል ይልቅ ሥራውን እሱ ይሥራልን አሉ። ሳተላይቷ አንድ ዙር ስትዞር ካሜራው የምድርን አንድ ቀጭን መስመር ከዳር እስከ ዳር ያያል። ትንሽ ዘንበል ይላል፤ በሚቀጥለው ዙር ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መስመር ያያል። እንዲህ እያለ ሁለት ሺህ ገደማ መስመር ሲሞላ፣ ሃያ ደቂቃ በሚሆን ጊዜ ውስጥ፣ ሙሉ የምድር ምስል ይወጣል። ሸማኔ ማጉን አንድ በአንድ ድሩ ውስጥ እያሳለፈ ጋቢ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ከእንዝርቱ ወደ ሸማኔው፤ ሙያው አንድ ነው።

ካሜራው ኤ.ቲ.ኤስ 1 በተባለችው ሳተላይት በዲሴምበር 1966 ወጣ፤ ሱዎሚ 51 ዓመት በሞላቸው ሰሞን። ከፓስፊክ ውቅያኖስ በላይ ቆማ ምስል በምስል ትልክ ጀመር። እነዚያን ምስሎች አከታትለው ሲያጫውቷቸው የተለወጠው ነገር ይሄ ነው፦ ከዚያ በፊት የምትንቀሳቀሰው ሳተላይቷ ነበረች፤ አሁን እሷ ቆማ የሚንቀሳቀሰው ደመናው ሆነ። ሲወለድ፣ ሲያድግ፣ ሲበተን በዓይን ታየ። በዓመቱ፣ በኖቬምበር 1967፣ ኤ.ቲ.ኤስ 3 የመላውን ምድር ገጽ በቀለም አሳየች።

ወደ ስሜን እንመለስና ይህ ለጭስ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ጉምና ጭስ በአንድ ፎቶ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በተከታታይ ምስል ግን አይመሳሰሉም። ጉም ከሸለቆው በሰፊው ይነሳል፤ ፀሐይ ሲበረታበት ከየቦታው ይሳሳል። ጭስ ግን ሥር አለው። ሥሩ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቆያል፣ ጅራቱ ብቻ ይሄዳል። ሥሩ ያለበት እሳቱ ያለበት ነው። ጅራቱ ያጋደለበት ነፋሱ የሚሄድበት ነው፤ እሳቱም ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ያንኑ ነው። ጅራቱ በሁለት ምስል መካከል ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ለክታችሁ ለጊዜው ብታካፍሉት የነፋሱን ፍጥነት ታገኛላችሁ። ሱዎሚ በ1965 ማዲሰን ላይ ያቋቋሙት የጠፈር ሳይንስና ምሕንድስና ማዕከል በ1970ዎቹ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሠራ። ማክአይዳስ ይባላል። ሰው ምስሉን በስክሪን ላይ እያስኬደ፣ የደመናን እርምጃ ነጥብ በነጥብ እየተከተለ ነፋስ የሚለካበት ነው። ዛሬ በስልካችን ምስል ሲንቀሳቀስ ስናይ ተራ ነገር ይመስለናል፤ ያኔ ግን አዲስ ነበር።

እሳቱን ራሱን ለማየት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። እናቶቻችን ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ እጃቸውን ከላይ ዘርጋ ያደርጋሉ፤ ምጣዱ ሳይቀላ ሙቀቱ እጅ ላይ ይሰማል። ያ ሙቀት ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። ሳተላይቶቹ ያንን ብርሃን የሚያይ ዓይን አላቸው። ጭስ ከላይ ሸፍኖትም ቢሆን የእሳት ሙቀት ብዙ ጊዜ በጭሱ ውስጥ ያልፋል፤ በወፍራም ደመና ውስጥ ግን አያልፍም። ስለዚህ አንዱ ዓይን ጭሱን፣ ሌላው ነበልባሉን ያያል፤ ሁለቱን ደርበው ነው ካርታው የሚወጣው።

የሱዎሚ ካሜራ ዘሮች የአሜሪካንና የፓስፊክን ሰማይ ይጠብቁ ጀመር። አፍሪካስ? የሱዎሚ እጅ የነበረበት አንድ ታላቅ የዓለም አቀፍ ጥናት ነበር፤ ምድርን ዙሪያዋን በቆሙ ሳተላይቶች የመክበብ ሐሳብ ያለበት። በዚያ መሠረት አውሮፓውያን በኖቬምበር 1977 ሜቲዮሳት 1ን አወጡ። ከአፍሪካ በስተምዕራብ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ቆማ አህጉራችንን ከፊቷ አድርጋ የምታይ፣ በደቂቃ መቶ ጊዜ የምትሽከረከር፣ በየግማሽ ሰዓቱ ምስል የምትልክ ነበረች። እኛ አገር ያኔ 1970 ዓ.ም ነው። ኦጋዴን ጦርነት፣ ከተማው ቀይ ሽብር። ሰማይ ላይ አዲስ ዓይን ተከፈተ ብሎ ቀና ያለ ሰው መኖሩን እንጃ።

ከእሷ በኋላ የመጡት የሁለተኛው ትውልድ ሜቲዮሳቶችም የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ምስል የሚልኩት በየ15 ደቂቃው ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየዕለቱ የሚያነባቸው የሳተላይት ምስሎች ከእነሱ የሚመጡ ናቸው። በቴሌቪዥን የነገው አየር ጠባይ ሲባል ከኋላው የምታዩት ደመና፣ በእንዝርቱ ዘዴ ተፈትሎ የመጣ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ይህ ዓይን ምን ያህል እንደሚጠቅም ቅርብ ጊዜ ያየነው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የእሳተ ገሞራ አመድ ከጫካ ጭስ ይለያል፤ የሚከታተሉት ግን በዚያው መንገድ ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ሄደ። ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከል በሳተላይት ምስል እየተከተለ ለአውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ህንድ ውስጥ በረራ ተሰርዟል። በረሃ ላይ የፈነዳውን ነገር ከታች ሆኖ ማን ይከተለው ነበር?

ሱዎሚ በቀሪ ዘመናቸውም እጃቸውን አላሳረፉም። በ1977 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ ተሸለሙ። በ1978 ወደ ቬነስ በተላኩት መንኮራኩሮች ላይ የእሳቸው ቡድን የሙቀት መለኪያ ነበር፤ የበቆሎ ማሳው ሒሳብ እዚያ ድረስ ሄዷል። በ1979 ደግሞ የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ የአየር ንብረት ጥናት ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሳለ፣ የካርቦን ጋዝ ምድርን እንደሚያሞቅ ለሚገልጸው ታዋቂ ሪፖርት መግቢያ ጻፉ። እስኪታይ እንጠብቅ ማለት ሰዓቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ሊሆን ይችላል የሚል ማሳሰቢያ አለበት። ያኔ ብዙ ሰው አልሰማም።

ጁላይ 30 ቀን 1995 ማዲሰን ውስጥ በ79 ዓመታቸው አረፉ።

ካረፉ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2011፣ ናሳ አንድ ሳተላይት አመጠቀ። በጃንዋሪ 2012 ስሟ ሱዎሚ ኤን.ፒ.ፒ እንዲሆን ተደረገ። የሚገርመው ሳተላይቷ የእሳቸውን ዝና ካወጡት ከቆሙትና ከተሽከርካሪዎቹ ወገን አይደለችም። 824 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከዋልታ ዋልታ የምትመላለስ፣ በቀን 14 ጊዜ ያህል ምድርን የምትዞር ነች። በላይዋ ቪርስ የሚባል መሣሪያ አለ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7:30 እና ከሌሊቱ 7:30 ገደማ፣ ከላያችን ታልፋለች። በ2011 ዓ.ም ግጭ ሲነድም በየቀኑ እያለፈች ነበር። ከኋላዋ የተከተሉት ኖዋ 20 እና ኖዋ 21 ያንኑ መሣሪያ ተሸክመዋል። መረጃው ናሳ ፈርምስ በሚለው ድረ ገጽ በነጻ፣ በአብዛኛው በሦስት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። የፌስቡክ ካርታዎቻችሁ ብዙ ጊዜ ምንጫቸው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል፤ ካርታው ሲዞር ሁሌ የምናየው ስሕተት አለ።

አንድ ቀይ ነጥብ ማለት ጎንና ጎኑ 375 ሜትር በሆነ መሬት ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ያልተለመደ ሙቀት ታይቷል ማለት ነው። ያ መሬት 14 ሄክታር ያህላል። ነጥብ ታየ ማለት ግን 14 ሄክታር ነደደ ማለት አይደለም። ነጥቦችን ቆጥሮ በ14 እያባዛ ይህን ያህል ሄክታር ወደመ ብሎ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ አትመኑት። በበጋ ካርታውን ከፍታችሁ ወደ መተማና ቋራ ቆላ ብትመለከቱ ነጥቡ ብዛቱ ያስደነግጣል፤ አብዛኛው ሳር ወይም ለእርሻ የሚቃጠል ማሳ ነው። በሌላ በኩል ገደል ሥር የተደበቀ ትንሽ እሳት፣ ወይም ሳተላይቷ ካለፈች በኋላ ተነስቶ ከመመለሷ በፊት የጠፋ እሳት፣ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የተለኮሰ እሳት በእሷ ለመታየት ሌሊቱን መጠበቅ አለበት፤ ደረቅ ጓሳ ላይ ደግሞ ያን ያህል ሰዓት ብዙ ነው። የቆሙት ሜቲዮሳቶች በየሩብ ሰዓቱ ያያሉ፤ ነገር ግን ዓይናቸው ሻካራ ስለሆነ እሳቱ ገዘፍ ማለት አለበት። ቅርብ ያለችው በጥራት ታያለች ግን ትሄዳለች፤ ሩቅ ያለችው ትቆያለች ግን በደንብ አታይም። ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጥቡ የት እና መቼ ይላል እንጂ ማን አይልም። እሳቱን የከሰል አክሳይ፣ እረኛ፣ ማር ቆራጭ ወይም ሌላ ማንም ይለኩሰው፣ ከ824 ኪሎ ሜትር ላይ ሙቀቱ አንድ ነው። በዚህ በተካረረ ጊዜ የሳተላይት ካርታ ለጥፎ ከሥሩ የሰፈር ወይም የወገን ስም የሚጽፍ ሰው፣ ከካርታው ያላነበበውን ከልቡ እየጨመረ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጥፍ ወደ እኛ ከላካችሁ አናወጣውም።

አገራችንም የራሷን ዓይን ሞክራለች። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና መጥቃለች፤ የስሜን እሳት ከጠፋ ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። ለእርሻ፣ ለውሃና ለአካባቢ ጥበቃ ተብላ የተሠራች ምድር ተመልካች ነበረች።

ሳተላይት ግን ቅጠል ይዛ ገደል አትወርድም። በ2011 ዓ.ም የነበረው ክፍተትም እዚህ ላይ ይመስለናል፦ ከላይ የታየው ነገር እሳቱ አፋፍ ላይ ላለው ሰው የሚደርስበት መንገድ። በስሜን በኩል ኔትወርክ የሌለበት ስንት ገደል እንዳለ የአገሩ ሰው ያውቃል። ፈርምስ ለአንድ አካባቢ እሳት ሲታይ በኢሜይል የሚያሳውቅ አገልግሎት አለው፤ በነጻ ነው፣ ማንም ሰው ይመዘገባል። ደባርቅ፣ ዳባት ወይም አምባ ጊዮርጊስ ያለ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ቢመዘገብና ለወረዳው ቢያስተላልፍ ምን ይከብዳል? ሱዎሚም የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነበሩ እኮ።

በዚህ በጋ ጭስ ካያችሁ መጀመሪያ ለቀበሌያችሁና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ከዚያ የት ቆማችሁ እንዳያችሁት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ጭሱ ወደ የት እንደሚያጋድል ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ከቀኑ 7:30 ምስል ጋር አስተያይተን እናሳያችኋለን።